ካውያ የሌላት ልብስ ሰፊ

ቆሰበር ላይ የትርሲትን ሱቅ የማያውቅ ፈረሰኛ ካለ፣ ወይ እንግዳ ነው ወይ የሚጋልበው የተዋሰውን ፈረስ ነው። ጥር በገባ ቁጥር የአገሩ ፈረሰኛ ሁሉ ለጥር ሃያ ሦስቱ የአገው ፈረሰኞች በዓል ፈረሱን ሊያስጌጥ ደጇ ላይ ይኮለኮላል። እሷም ኮርቻው ላይ የሚለብሰውን ባለጥልፍ ግላስ ቀይና አረንጓዴ እያደረገች ትሰፋለች። እጇ ወርቅ ነው፤ ይሄን የሚክድ የለም። ግን አንድ ጉድ አለባት። ካውያ የላትም! የሰፋችውን ጨርቅ ውሃ ረጨት ታደርግና በሁለት ጣውላ መሀል አስገብታ ጆንያ ሙሉ ድንች ትጭንበታለች። «ኧረ ትርሲት፣ በዚህ ዘመን ካውያ ጠፍቶ ነው?» ሲሏት፣ «መብራቱ መቼ ይታመናል ብላችሁ» ትላለች። ይስቃሉ፣ ነገሩም እዚያው ያበቃል። እጅጌዋም ክረምት ከበጋ እስከ አንጓዋ ድረስ ነው። ቆሰበር ደግሞ ብርዳም አገር ስለሆነ ለምን ብሎ የጠየቃት የለም።

ተሻገር ግን አንድ ቀን ስለ ሁለቱም ጠይቋት፣ በሳቅ አልፋዋለች። ተሻገር የእንስሳት ሐኪም ነው፣ የጃዊ ልጅ። ወላጆቹ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ መጥተው ቆላው ላይ የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ካፊያ ባለበት ቀን፣ አንድ የሚያምር ግላስ በብብቱ ይዞ ሱቋ ገባ።

«ይሄን የሰፋሽው አንቺ ነሽ?»

«ምነው፣ አልወደድከውም?»

«ወድጄዋለሁ። ፈረሱ ግን አልወደደውም። ከሥሩ ጀርባው ተልጧል።»

ትርሲት ቱግ አለች። «እኔ የምሰፋው ጨርቅ ነው! ቁስል አልሰፋም!»

«ቁስሉን መስፋትማ የኔ ሥራ ነው» አላት ተሻገር፣ ከፀጉሩ ላይ ውሃ እየተንጠባጠበ። «አንቺ ከሥሩ ወፈር ያለ ሱፍ ብታደርጊበት፣ ሁለታችንም እንጀራችንን በሰላም እንበላለን።»

ልትሰድበው አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሳቅ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ በቆሰበርና በአካባቢው ጀርባው የተላጠ ፈረስ እንዴት እንደበዛ እናንተው ገምቱ። ተሻገር በሳምንት ሦስት ቀን ስለ ሱፍ ሊያማክራት ይመጣ ጀመር።

ተዋደዱ። ግን ሽማግሌ ልላክ ባላት ቁጥር ትርሲት ቀን ትገፋለች። መጀመሪያ «ለመስቀል ይሁን» አለች፣ ቀጥሎ «እህሉ ይሰብሰብ»፣ ደግሞ ሌላ ምክንያት። ተሻገር ቻለው፤ ሆዱ ግን መባሱ አልቀረም። ያሳደጋት አጎቷ ጋሼ ገበየሁ ዳንግላ ውስጥ የእድር ዳኛ፣ የተከበሩ ሰው ናቸው። አንድ ለቅሶ ቤት ውስጥ ስለ እሱ ሲነሣ፣ «ለሰፋሪ ልጅ? እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም!» ማለታቸው ጆሮው ደርሷል። ትርሲትም በልቧ እንደዚያው ታስብ ይሆን? ይቺ ጥያቄ እሾህ ሆና ተቀምጣበታለች።

ጥር በገባ በመጀመሪያው ሐሙስ፣ ጥርሱ ሊወልቅ እስኪደርስ እየሳቀ ሱቋ ገባ።

«ተሳካልኝ! ትርሲት፣ ተሳካልኝ!»

«ምኑ? ደግሞ የየትኛው ፈረስ ጀርባ ዳነልህ?»

«ጋሼ ገበየሁ! ትናንት ሙክት ጎትቼ ዳንግላ ቤታቸው ሄድኩ። መጀመሪያ ፊታቸውን አጨፈገጉብኝ። እኔም እግራቸው ላይ ወደቅኩ። በመጨረሻ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ‹እሁድ ሽማግሌህን ላክ። እኔ ራሴ እህቴ ቤት ሄጄ፣ አጎዛው ላይ ቁጭ ብዬ እሰጥሃለሁ!›»

የስፌት መኪናው ቆመ። ትርሲት እግሯን ከፔዳሉ ላይ አነሣች።

አጎዛው ላይ የሚቀመጠው ማን እንደሆነ አገሩ ሁሉ ያውቃል። ሽማግሌ ሲመጣ የልጅቱ አባት፣ አባት ከሌለ ያሳደጋት ሰው፣ መደቡ ላይ በተነጠፈው የበግ ቆዳ ተቀምጦ «ሰጥቻለሁ» ይላል። ትርሲት ሁለት ዓመት ሙሉ ቀን ስትገፋ የኖረችው ያቺን አንዲት ቃል ከዚያ ሰው አፍ ላለመስማት ነበር። ተሻገር ደግሞ፣ የዋሁ ተሻገር፣ ሙክት ጎትቶ ሄዶ ለምኖ አመጣላት።

«ቤታቸው እንዴት ያምራል» ይላል እሱ፣ ምንም ሳያውቅ። «አንዲት ትንሽ ልጅም አለች፣ ሕይወት የምትባል። የሚስታቸው የእህት ልጅ ናት አሉኝ፣ ከአዲስ ቅዳም ለትምህርት አምጥተዋት። እጄን ስታስታጥበኝ አንዴ እንኳ ቀና አላለችም። አንጀቴን በላችው።»

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«ዘጠኝ፣ ቢበዛ አሥር። ምነው? ትርሲት፣ ፊትሽ አመድ መሰለ!»

«ሂድልኝ፣ ተሻገር።»

«ምን አልሽ?»

«ዛሬ ሂድልኝ። እባክህ።»

ተሻገር ቆሞ ቀረ። ያ ሁሉ ሳቅ ከፊቱ ላይ ጠፋ። «ሰፋሪ ስለሆንኩ ነው አይደል?» አላት በቀስታ። «አጎትሽ እንኳ እሺ ብለው፣ አንቺ...» አልጨረሰውም። ኪሱ የተተረተረውን ነጭ ጋውኑን እንድትጠግንለት ያመጣው ነበር፤ እሱን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ ወጣ። ትርሲት ጋውኑን አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገችው። የሚወዳትን ሰው እንዲያ ቅስሙን ሰብራ መስደዷ ከሁሉ በላይ አመማት።

በማግስቱ ዓርብ፣ ወገኔ የሚባል ደንበኛዋ ፈረሱን ሊያሳክም ወደ ክሊኒኩ ሲሄድ፣ የተጠገነውን ጋውን አጥፋ ሰጠችው። አዲሱ ኪስ ውስጥ ደብዳቤ ነበረበት።

«ተሻገር፣

ሰፋሪ ስለሆንክ አይደለም። አንተን ያበቀለውን ጃዊን ከነሙቀቱ እወደዋለሁ። አንድ ቀን ካውያ ለምን የለሽም ብለህ ጠይቀኸኝ በሳቅ አለፍኩህ። አሁን ልንገርህ።

አባቴ ሲሞት ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ገበየሁ አስተምራታለሁ ብሎ ዳንግላ ወሰደኝ። አስተማረኝ፣ እሱን አልክድም። ከትምህርት መልስ ያለውን ግን ያየ የለም። ውሃ ስትቀጂ ዘገየሽ ተብዬ በኤሌክትሪክ ገመድ ተገርፌያለሁ። ድንች በሚቀመጥበት ክፍል ተቆልፎብኝ ውያለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላኝ፣ ለእድር ስብሰባ የሚለብሰውን ነጭ ሸሚዝ ስተኩስ አቃጠልኩበት። አልጮኸብኝም። ‹ቤት እንነጋገራለን› ብሎኝ እንግዶቹን ሸኘ። ተመልሶ ከሰል የሞላውን ካውያ ከእጄ ወሰደ፣ ክንዴን ጠረጴዛው ላይ አስተኛና አስቀመጠበት።

ለእናቴ እሳት ላይ ወደቅኩ አልኳት። እንደዚያ በይ፣ አለዚያ እናትሽን ዓይኗን አላየውም፣ በረሃብ ታልቃለች ስላለኝ ነው። እናቴም ቅቤ ቀባችልኝ። ወንድሟን ደግሞ ልጄን አሳከምክልኝ ብላ መረቀችው። ከካውያው ይልቅ ያ ምርቃት አቃጠለኝ።

አሥራ ሰባት ዓመት ዝም አልኩ። አንተ ግን ትናንት ቀና ብላ ስለማታየው ልጅ ነገርከኝ። ከእንግዲህ ዝም ማለት አልችልም። ይሄን አንብበህ ብትሸሸኝ አልቀየምህም።

ትርሲት»

ተሻገር ቅዳሜ ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት። ዓይኑ በርበሬ መስሏል። ልታናግረው ስትጠጋ፣ ያ ግዙፍ ሰው እንደ ሕፃን አለቀሰ።

«እግሩ ላይ ወደቅኩ!» አላት። «ትርሲት፣ እኔ እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት። ሙክት ወሰድኩለት!»

«ሙክቱስ ምን አጠፋ» አለች ትርሲት። እንዲህ ባለ ሰዓት ቀልድ ከየት እንደመጣላት ራሷም አላወቀችም። እሱ በእንባው መሀል ሳቀ፣ እሷም ሳቀች፤ ሱቁን ከፍተው ገቡና ጎን ለጎን አግዳሚዋ ላይ ተቀመጡ።

«እሁድን እንሰርዘው» አላት። «ሽማግሌ የሚሆኑልኝን ሼህ ይመርን ደውዬ አስቀራቸዋለሁ።»

«አይሰረዝም። ይምጡ። እዚያው ፊት ለፊት እናገራለሁ። ግን ተሻገር...» እጅጌዋን ወደ ታች ሳበች። «እሱ ለእናቴ ከእግዜር ቀጥሎ ያለ ሰው ነው። በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው ታናሽ ወንድሟ ነው። እሱን አምና እኔን ብትጥለኝስ? እኔ ከእናቴ ሌላ ምን አለኝ?»

ተሻገር ሊያጽናናት ብሎ የማያውቀውን ነገር እንደሚያውቅ አድርጎ መናገር አልወደደም። «እናትሽ ምን እንደሚሉ አላውቅም» አላት። «የኔን ግን ዕወቂው። በባህሉ ሙሽራው ከሽማግሌ ጋር አይሄድም። ስለዚህ መንገዱ ዳር ባሕር ዛፉ ሥር እቆማለሁ። ብትናገሪም ባትናገሪም፣ ቢሰጡሽም ቢነሱሽም፣ ስትወጪ እዚያው ታገኚኛለሽ።» ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ፣ የታመመ እንስሳ እንደሚነካ ሁሉ፣ ክንዷን ከነእጅጌው በመዳፉ ሸፈነው። ትርሲት ማንም እንዲነካው ፈቅዳ አታውቅም፤ ያን ቀን ግን እጇን ሳትሰበስብ ቆየች።

እሁድ ግምጃ ቤት አጠገብ ባለው የእናቷ ቤት ጉዝጓዙ ተጎዘጎዘ፣ መደቡም ላይ አጎዛው ተነጠፈ። እናቷ እትዬ ይመኙሽ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ከወዲያ ወዲህ ትላለች፤ ደስታዋ ከፊቷ ሞልቶ ይፈሳል። ጋሼ ገበየሁ ማልደው ከዳንግላ መጥተው አጎዛው ላይ ተሰይመዋል። ሚስታቸው አሟት ቀርታለች፤ ለመላላክ ትንሿን ሕይወትን ይዘዋት መጥተዋል። ትርሲት በወጉ መሠረት ከቀርከሃው ግርግዳ ጀርባ ጓዳ ናት። በቀርከሃው ክፍተት ሁሉን ታያለች።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ሆነው ገቡ። ፊተኛው ሼህ ይመር ናቸው፣ የተሻገር ወላጆች የጃዊ ጎረቤት። ከወሎ አብረው ተሰደው፣ አብረው ጫካ መንጥረው፣ ሐዘንም ሰርግም ሳይለያዩ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ተቀመጡ ሲባሉ፣ «የመጣንበት ሳይሞላ አንቀመጥም» ብለው በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ። «ልጃችሁን ለልጃችን ብለን ነው፣ ቆላ አቋርጠን የመጣነው።»

ጋሼ ገበየሁ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «እንግዲህ» አሉ፣ በዚያ እድር ላይ በሚናገሩበት ድምፅ፣ «ይቺ ልጅ አባቷ ሲሞት በዚህች እጄ ይዤ የወሰድኳት እኔ ነኝ። አብልቼ፣ አጠጥቼ፣ አስተምሬ ለዚህ ያበቃኋት እኔ ነኝ። ሰፋሪ ቢሆንም ልጁ ጨዋ ነው...»

ትንሿ ሕይወት ለእሳቸው ውሃ በብርጭቆ ይዛ መጣች። ልታቀብላቸው ስትል ጋቢያቸው ላይ ፈሰሰ። ጋሼ ገበየሁ ለሽማግሌዎቹ ፈገግ ብለው የልጅቱን ራስ ዳሰሱ።

«ግድ የለም የኔ ልጅ» አሏት። «ቤት እንነጋገራለን።»

ሕይወት ሁለቱንም እጆቿን ቀሚሷ ውስጥ ሸሸገች።

ትርሲት እንዴት ከጓዳ እንደወጣች አታውቅም። ራሷን ያገኘችው በቤቱ መሀል ነው። እናቷ «ኧረ በሞትኩት! ምን ሆንሽ ልጄ፣ ግቢ!» አለች። ትርሲት አልገባችም። የቀኝ እጅጌዋን ቁልፍ ፈትታ እስከ ክርኗ ሰበሰበችው።

«ሼህ ይመር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ወግ አፍርሻለሁ» አለች። ድምጿ ቀጥ ብሏል። «ይሄ ሰው ሊሰጠኝ አይችልም። አሥራ አንድ ዓመቴ ላይ ሸሚዙን ስላቃጠልኩበት፣ ክንዴ ላይ ካውያ ያስቀመጠው እሱ ነው። እስካመልጠው ድረስ እየገረፈ ነው ያሳደገኝ። አሁን ደግሞ ተራው የዚች ልጅ ነው።»

«ውሸት!» ጋሼ ገበየሁ ብድግ ሊሉ ቃጣቸውና መልሰው ተቀመጡ። «እሳት ላይ ወድቃ ነው! አገር ያውቃል! እህቴ፣ አንቺ ራስሽ ቅቤ አልቀባሻትም?»

ሼህ ይመር በትራቸውን አንዴ መሬት ላይ መቱ። «ሰውየው፣ ቆዩ። ልጄ፣ ጨርሺ። እኛ ልንሰማ ነው የመጣነው።»

«ጨርሻለሁ። ነገ ጠዋት ዳንግላ ሄጄ ለፖሊስም ለሴቶችና ሕፃናት ቢሮም ቃሌን እሰጣለሁ። ከዚያ በፊት እናቴ ከኔ አፍ እንድትሰማው ብዬ ነው።»

ከዚያ ወደ እናቷ ዞረች። እትዬ ይመኙሽ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ቀርባ የልጇን ክንድ በሁለት እጇ ያዘችና ወደ በሩ ብርሃን ወሰደችው። በጣቷ ጠባሳውን ዞረችው፤ ከታች ሰፊ ነው፣ እየጠበበ ይሄድና ጫፉ ላይ ይሾላል። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ያላየችው ነገር ያን ጊዜ ታያት። እሳት ላይ የወደቀ ሰው እንዲህ ያለ ጠባሳ ከየት ያመጣል?

በአገውኛ አንዲት ነገር ጠየቀቻት። ትርሲትም በአገውኛ መለሰች። ሼህ ይመር አገውኛ አያውቁም፤ የእናትየዋን ፊት አይተው ግን ዓይናቸውን ወደ መሬት ሰበሩ።

«ገበየሁ» አለች እትዬ ይመኙሽ።

«እመት።»

«ተነሥ።»

«እህቴ፣ በእንግዳ ፊት? በሰፋሪ ፊት ልታዋርጂኝ...»

«ከአጎዛው ተነሥ አልኩህ!»

ያ የእድር ዳኛ፣ ያ ሲናገር ሰው ሁሉ ጸጥ የሚልለት ሰው፣ ዙሪያውን ቢያይ ዓይኑን የሚያይለት አጣ። ተነሣ። ጋቢው ከመደቡ ጫፍ ተያዘበት፣ ጎትቶ አላቀቀው። በሩ ላይ ሲደርስ ዞሮ፣ «ሕይወት፣ ነዪ እንሂድ!» አለ።

ልጅቱ ልትከተለው ስትል እትዬ ይመኙሽ ክንዷን ይዛ ወደ ጎኗ ሳበቻት። «እሷ የትም አትሄድም። እናቷን አዲስ ቅዳም ድረስ ሄጄ አመጣታለሁ።» እሱ ወጣ። ውጭ ውሻው ሁለቴ ጮኸና ዝም አለ።

ከዚያ እትዬ ይመኙሽ አጎዛውን አነሣች፤ ሁለቴ አራግፋ መልሳ አነጠፈችውና ሴት ተቀምጣበት በማታውቅበት ቦታ ላይ እሷ ቁጭ አለች። ሕይወትን ከጎኗ አስቀመጠች። ነጠላዋን አስተካከለች።

«ሼህ ይመር፣ እንደገና ይጠይቁኝ።»

ሽማግሌው በትራቸውን አስተካክለው ያዙ። «እትዬ ይመኙሽ» አሉ፣ ድምፃቸው እንደ መጀመሪያው አልሆነላቸውም፣ «ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል።»

«እኔ ይቺን ልጅ አንዴ ሰጥቻታለሁ» አለች እትዬ ይመኙሽ። «ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አልጠየቅኳትም። ሄዳም ስትመለስ፣ ቅቤ ስቀባት እንኳ፣ አልጠየቅኳትም።» እንባዋ ያን ጊዜ መጣ፤ አልጠረገችውም። «ዛሬ ግን ሳልጠይቃት አልሰጣትም። ትርሲት፣ ልጄ፣ ይሄን ልጅ ትፈልጊዋለሽ?»

ትርሲት እናቷ ትጥለኛለች ብላ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም ነበር። አሁን ተንበርክካ ግንባሯን እናቷ ጉልበት ላይ ጣለች፤ ሳቅና ለቅሶ ተቀላቀለባት።

«እፈልገዋለሁ እማዬ። በጣም ነው የምፈልገው።»

«እንግዲያው ሰጥቻለሁ! ተቀመጡ ሼህ ይመር፣ ቆማችሁ ደከማችሁ።»

የጎረቤት ሴቶች እልልታ ከደጅ ተነሣ። ትርሲት ግን እልልታው እስኪያልቅ አልጠበቀችም። በጓሮ በር ወጥታ የድንቹን ማሳ አቋርጣ ወደ መንገዱ ወረደች። ባሕር ዛፉ ሥር ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ቆሟል፤ ካውያ ያልነካው፣ ጭምድድ ያለ ጋውን። ለሽምግልና ቀን ጋውን! ካለው ልብስ ሁሉ እሷ የጠገነችውን መርጦ ነው።

የጥር ንፋስ ከላይ ከቆሰበር በኩል መጥቶ እስከ ክርኗ የተራቆተ ክንዷን አገኘው። እጅጌዋን ልታወርድ እጇን ሰደደችና ተወችው። አሥራ ሰባት ዓመት ነፋስ ያልነካው ቆዳዋ ብርዱን ቀመሰው፣ ብርዱም ደስ አላት።